ለረዳቷ ሁለት ትራስ

«እሷማ አግዛዋለች» አሉ እናትየው በስልክ። «መቼም እኅት አይደለች? የሞነጫጨረውን ትገለብጥለታለች፣ ወረቀቱን ትሰበስብለታለች፣ መብላት ሲረሳ ታስታውሰዋለች። ጭንቅላቱ ግን የሱ ነው። የብቻው። … ኧረ ስለ ጉድጓድ ነው አሉ፤ ጥቁር ጉድጓድ። … ውኃማ የለውም። እኔም ውኃ ከሌለው ለምን ይደከምበታል ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ።»

ወሬው የሚመጣው ከሳሎን ነው። ሳሎኑንና መኝታ ክፍሉን የሚለየው ግድግዳ ቺፑድ ስለሆነ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው እኅት የወንድሟን ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ዕድሜዋ አርባን ረገጥ ያደረገ የቲዎሪ ፊዚክስ ተመራማሪ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ዶክተር ናት። የቤቱ ካውያ ግን የሚያውቃት ከዲግሪዋ በፊት ጀምሮ ነው። ወንድሟ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃው እየወረደበት ያፏጫል። እሱም የቲዎሪ ፊዚክስ ሰው ነው፣ እሱም ዶክተር ነው፤ ከካውያው ጋር ግን እስከ ዛሬ አልተዋወቁም። ከሰዓት በኋላ የሳይንስ አካዳሚው የዓመቱን ሜዳሊያ አንገቱ ላይ ያጠልቅለታል። እናትየው ከነጋ ጀምሮ ሰው ጋ ሲደውሉ፣ ሲዘጉ፣ ደግሞ ሲደውሉ ቆይተው አሁን የማይወዷት የድሮ ጎረቤታቸው ላይ ደርሰዋል። ደስታ ሲሞላ ለጠላትም ይተርፋል።

ተሸላሚው ጥናት የሁለቱ ነው። ጥቁር ጉድጓድ የሚባለው፣ ብርሃን እንኳ ከገባበት የማይወጣው የሰማይ ጉድ፣ አንድ ነገር ሲወድቅበት እንደተመታ ደወል ይርገበገባል። እጅግ ፈጥኖ የሚሽከረከር ከሆነ ይህ መርገብገብ እንዴት እንደሚሞት የነበረው መልስ አንድ እግሩ ስንኩል ነበር። ስንኩልነቱን ያየችው እሷ ናት፤ ያየችውም የጥርስ ሐኪም ወረፋ ላይ፣ ጉንጯ አብጦ፣ የራጅ ፖስታዋ ጀርባ ላይ እየጫረች ነው። ለወንድሟ ስታሳየው «አይሆንም እታለም» አለ፤ ክረምቱን በሙሉ «አይሆንም» እያለ ከረመ። ሐቁን ለመናገር አይሆንም ማለቱ ጠቅሟታል። እያንዳንዱን አይሆንም ስታፈርስ ነው ጥናቱ የቆመው። ካመነ በኋላም ስሌቱን በኮምፒውተር ፈተሸ፣ መደመር መሆን ሲገባው መቀነስ የሆነ አንድ ምልክት አገኘ፣ ሥዕሎቹን አሳመረ። ሰነፍ አይደለም። ሌባም አይደለም፤ ወይም እስካለፈው ወር ድረስ አልነበረም።

ነገሩን ያበላሸው የስም አደራደር ነው። በየሙያው ስም የሚደረደርበት ደንብ አለ። ላቦራቶሪ ያላቸው ሰዎች ብዙ የሠራውን ፊት፣ አለቃውን ኋላ ያደርጋሉ። እነዚህ የቲዎሪ ሰዎች ግን የሚሰለፉት በፊደል ተራ ነው፣ ልክ እንደ ተማሪ ስም መጥሪያ። ማን ይበልጣል የሚል ጭቅጭቅ የለም፤ ወይም አለ፣ ወረቀቱ ላይ ግን አይወጣም። እኅትና ወንድም የአባት ስማቸው አንድ በመሆኑ ተራቸው በራሳቸው ስም ተወሰነ። ጥናቱ በታተመበት በፈረንጅ ፊደል የሱ ስም ከፊደሉ ራስ ይጀምራል፣ የሷ ከጭራው። አባታቸው ስም ሲያወጣላቸው ይህን አላሰበም። የአካዳሚው ኮሚቴም አላሰበም፤ ፊት ያለውን ስም አይቶ ዋናው ሰው እሱ ነው አለ፣ ደብዳቤውንም ለሱ ብቻ ላከ። እሷ የኔ ፖስታ ቤት ተኝቶ ይሆናል ብላ ጠበቀች። የደረሳት ግን ጠርዙ በወርቃማ ቀለም የተከፈፈ የጥሪ ካርድ ነው፤ «ለተሸላሚው ቤተሰብ» ይላል። ወንድሟ ካርዱን አገላብጦ «እዚያው ያስተካክሉታል» አለ። ማን እንደሚያስተካክለው አልተናገረም።

የኩርፊያ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዋጥ አድርጋው ባደረች ነበር፤ ቤት ውስጥ ብዙ ነገር ውጣ አድራለች። ሰኞ ግን ዩኒቨርሲቲው አዲስ የቲዎሪ ማዕከል ይከፍታል። ዳይሬክተሩ ባለ ሜዳሊያው ነው፤ ስሙ የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ በሩ ላይ ተመትቷል። ከጎኑ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥባት የነበረች መስኮት የሌላት ክፍል ተጠርጋ «ረዳት ተመራማሪ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባታል። የረዳት ሐሳብ የሚያልፈው በዳይሬክተሩ ፊርማ ነው። ከእንግዲህ በየወረፋው የሚመጣላት ሁሉ በወንድሟ በር በኩል ገብቶ በወንድሟ ስም ይወጣል ማለት ነው። ዛሬ ከመድረክ የሚነበበው ነገ ማኅደር ይገባል፤ ማኅደር የገባ ነገር ደግሞ ከሞተ ሰው ይልቅ ለማስነሳት ይከብዳል።

ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችው። የሸሚዙን ቀኝ እጅጌ ጨርሳ ነበር፤ ግራውን እንደተጨማደደ ተወችው። ወንድሟ ፎጣ አገልድሞ ብቅ ሲል ሸሚዙን አቀበለችው። እጅጌውን አየ፣ እሷን አየ፣ ኮት እደርብበታለሁ ብሎ እንዳሰበ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር፤ ለበሰው።

ታክሲው ውስጥ እናትየው ከፊት ተቀመጡ፣ ልጆቹ ከኋላ። ሦስት ሰው ሆነው አንዱም የሚያስበውን አይናገርም፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ቤተሰብ የሚናገረው ስለ ዕቃ ነው። እናትየው ፍራሹ በበሩ ይገባል ወይ ብለው ጠየቁ። የሽልማቱ ደጋፊ የስፖንጅ ፋብሪካ ስለሆነ ከሜዳሊያው ጋር ባለ ሁለት ሰው ፍራሽ ይሰጣል። ወንድምየው በአግድም ከተያዘ ይገባል አለ። የለም፣ አሉ እናትየው፣ የኮሪደሩ ማዕዘን አያዞረውም፤ ቁም ሣጥኑን ያስገባን ጊዜ አይተናል። ሹፌሩ ጣልቃ ገብቶ ስፖንጅ እኮ ይታጠፋል አላቸው። እናትየው የልጃቸው ሽልማት ሊታጠፍ በመሆኑ ቅር ተሰኝተው እስኪደርሱ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከቱ ቆዩ። እኅት የኮሪደሩን ማዕዘን በልቧ አሰላችው። ይዞራል።

አዳራሹ ቀዝቃዛ፣ ወንበሮቹ ሰማያዊ ናቸው። መድረኩ ላይ በአበባ ማስቀመጫዎቹ መካከል ፍራሹ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ቆሟል፤ ከላዩ «የሊቃውንት እንቅልፍ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። ሥነ ሥርዓቱ ከመጀመሩ በፊት ልምምድ ስለነበር የመድረክ መሪው፣ ድምፁ ከገላው የሚበልጥ የሬዲዮ ሰው፣ ፕሮግራሙን ይዞ ይሮጣል። ሲያያት ጣቱን ቀሰረ። «ረዳቷ አንቺ ነሽ? ላንቺ የምስጋና ወረቀትና ሁለት ትራስ አለ። ትራሱን በሁለት እጅ ነው የምትቀበዪው። አንዱን ብብትሽ ሥር እንዳትወትፊው፤ በቀጥታ ሥርጭት ያስጠላል።» ፕሮግራሙን ከእጁ ተቀብላ አነበበች። የወንድሟ ስም በትልልቅ ፊደል ሰፍሯል፤ ከሥሩ «ሐሳቡን በብቸኝነት አፍልቆ» ይላል፤ ከዚያም ሥር በደቃቁ «ረዳት፦ እኅቱ»። ስሟ እንኳ የለም። ፕሮግራሙን መለሰችለትና ሰብሳቢው የት እንዳሉ ጠየቀችው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ከመድረኩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ንግግራቸውን በእርሳስ እየሰረዙ ነበር። የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ በላም ጡት በሽታ ላይ ስመ ጥር ሥራ ሠርተዋል፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ወንበር ሰጧት። የቲዎሪ ሰዎችን ልማድ ስታስረዳቸው እስከ መጨረሻው አዳመጧት፤ ሲያዳምጡም ዓይናቸው እየጠበበ ሄደ።

«በፊደል ተራ?» አሉ። «እንደ ስልክ ማውጫ? እኛ ጋ እንኳን እንደሱ አይደለም። ፊት ያለው ሠሪ ነው፣ መጨረሻ ያለው አለቃ ነው፣ መሃል ያለው ሻይ ያፈላ ነው።»

«እኛ ያለነው ሁለት ነን፤ ሻይ ያፈላ የለም» አለች። «መጨረሻ ያለሁት እኔ ነኝ። በእርስዎ ደንብ እንኳ ቢኬድ አለቃው እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «እሱ እንኳ … እኅቱ ናት ሲሉን፣ ያው ረዳት ናት ብለን ነው።»

«በየትኛው ሳይንስ?»

እንደማንኛውም መልስ የሌለው ሰብሳቢ ወደ አሠራር ዞሩ። ጥናቱ ለውጭ ሊቃውንት ተልኮ ነበር፤ ሊቃውንቱ ድንቅ ነው ብለዋል፤ የማን እንደሆነ አልተጠየቁም፣ ስላልተጠየቁም አልተናገሩም። ፕሮግራሙ ታትሟል። ሜዳሊያው አንድ ብቻ ነው። ትልቁ እንግዳ መንገድ ላይ ናቸው። «ወይዘሪት፣» አሉ፣ ዶክተርነቷን ረስተውት ሳይሆን አፋቸው ስላለመደው፣ «ለከርሞ በደንቡ ላይ ማሻሻያ ይደረጋል። ቃል እገባልሻለሁ።» የተፈጥሮን ሕግ የምታርም ሴት የታተመ ፕሮግራም ማረም አልቻለችም። አመስግናቸው ወጣች። ከልቧ ነበር ያመሰገነቻቸው፤ ቢያንስ ወንበር ሰጥተዋታል።

ወንድሟን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። የእሳት ማጥፊያ ሣጥኑ መስተዋት ፊት ቆሞ ከረባቱን እያስተካከለ የምስጋና ንግግሩን በከንፈሩ ይለማመዳል። በመስተዋቱ ውስጥ ተያዩ።

«ትናገራለህ ወይስ ልናገር?» አለችው።

«እታለም፣ በናትሽ። ዛሬ ቀጥታ ሥርጭት ነው። እማዬን እያት እስቲ፣ እንደዚህ ስትስቅ መቼ ነው ያየሻት? ከሽልማቱ በኋላ እኔው ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«እጅ የሚታጠቡት ሳይበሉ ነው።»

«እኔ ምን አደረግኩ? እኔ ነኝ የጻፍኩት? እነሱ ናቸው የተሳሳቱት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ዳይሬክተርነቱን አንቺ አትወጂውም። ስብሰባ ያምሻል። የኔ ስም ይሁን እንጂ ሥራው ያው የሁለታችን አይደል? በቤተሰብ መካከል እኔ እኔ ምን ያደርጋል?»

በቤተሰብ መካከል የሚለው ቃል ለረጅም ጊዜ ሲያሠራት ኖሯል። ትምህርቷን አንድ ዓመት ያቆመችው እሱ ፈተና ስለነበረበት ነው፤ በቤተሰብ መካከል። ውጭ አገር የተጠራችበትን የቀረችው እናትየው ስለታመሙ ነው፤ በቤተሰብ መካከል። እሱ ተጠርቶ ሲሄድ እናትየው አልታመሙም ማለት አይደለም። የእነዚያን ጊዜያት ቂም አልያዘችም፤ የሰጠችውን ሰጥታለች። ይህኛውን ግን አልሰጠችም። ከረባቱን ጎተት አድርጋ አቃናችለትና ወደ አዳራሹ ገባች።

አዳራሹ ሞላ፣ ትልቁ እንግዳ ገቡ፣ ሰው ተነሣ፣ ሰው ተቀመጠ። የስፖንጅ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ተጋብዘው ፋብሪካቸው የጉድጓድ ጥናትን በመደገፉ ኩራት እንደተሰማው ገለጹ። ንጹሕ ውኃ ለሁሉም እንዲዳረስም ተመኙ። የፊዚክስ ክፍል ሰዎች ከተቀመጡበት ረድፍ አንድ ሰው ሳቁን ሳል አስመሰለው፤ ሌላው ግን በግልጽ ነው የሳቀው። ከዚያ ወንድሟ ተጠራ። የመድረክ መሪው በዚያ ጉሮሮው «ሐሳቡን በብቸኝነት አፍልቆ» ሲል ቃሉ ጣሪያው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሜዳሊያው ተጠለቀ። ወንድሟ ማይኩን ይዞ አመሰገነ፤ አካዳሚውን፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ ፋብሪካውን፣ «በትዕግሥቷ ከጎኔ ያልተለየችውን እኅቴን»። ይህን ሲል ወደሷ አላየም። እናትየው በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኅት ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ሊናገር የሚችልበት ቦታ አንድ ነበር፤ ከእኅቴ ቀጥሎ። ከእኅቴ ቀጥሎ «አመሰግናለሁ» ብሎ ተቀመጠ።

«ረዳቷ» አለ የመድረክ መሪው።

ወጣች። ትራሶቹ በሮዝ ሪባን ታስረዋል፤ አጋዦቹ ሴቶች ዘረጉላት። እጇን አልዘረጋችም። ሴቶቹ ትራሱን እንደ ሕፃን አቅፈው ቆሙ፤ የመድረክ መሪው ፈገግ ብሎ «በሁለት እጅ» አለ በጥርሱ መካከል። አልፋው ወደ ማይኩ ሄደች።

«የማንም ረዳት አይደለሁም» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ የክፍል ተማሪ እንደምታነጋግር ነበር። «የተሸለመው ሐሳብ የኔ ነው። ወንድሜ ስሌቱን ፈትሿል፣ ጥሩ አድርጎ ነው የፈተሸው። በኛ ሙያ ስም በፊደል ተራ ነው የሚጻፈው፤ ኮሚቴው ይህን ስላላወቀ ተሳስቷል። የተነበበው ታርሞ እስኪነበብ ድረስ ከዚህ አልወርድም።» ከማይኩ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብላ ቆመች።

እንዲህ ያለ ነገር ፕሮግራሙ ላይ ስላልነበረ ማንም ምን እንደሚደረግ አያውቅም። ጥበቃዎቹ ሰብሳቢውን አዩ፤ ሰብሳቢው ትልቁን እንግዳ አዩ፤ ትልቁ እንግዳ ሰዓታቸውን አዩ። የመድረክ መሪው ሬዲዮ ያስተማረው አንድ ነገር ቢኖር ዝምታ እንዳይፈጠር ነውና ቀጣዮቹን ተሸላሚዎች ጠራ። የዶሮ ክትባት ያሻሻሉት ሦስት ሰዎች ወጡ፤ መንገዳቸው በሷ ፊት ስለነበር ከሸላሚዎቹ አንዷ መስላቸው ተራ በተራ ጨበጧት። «እንኳን ደስ አላችሁ» አለቻቸው፤ አንደኛው ጎንበስ ብሎ አመሰገናት። የድልድይ መሐንዲሱም ጨበጣት። በስተመጨረሻ የሚጠራ ሰው አለቀ። መድረኩ መሃል ፍራሹ፣ ትራሶቹና እሷ ቀሩ። ከአዳራሹ ኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ዘንድ ማጨብጨብ ተጀምሮ ቆመ፣ ደግሞ ተጀመረ።

«ውረጂ ልጄ፤ ሰው አየሽ» አሉ እናትየው ከፊት ረድፍ፣ በሹክሹክታ፣ ግን ለሁሉም በሚሰማ ሹክሹክታ።

«ይየኝ እማዬ» አለች።

ሰብሳቢው መድረኩ ጥግ ካለው ጠረጴዛቸው ተነሥተው ቀረቧት። ላባቸው በጆሯቸው በኩል ይወርዳል። ለሷም አንድ ፍራሽ ቢጨመርስ ብለው ጠየቋት። ፍራሽ አለኝ አለች። ማብራሪያ በጋዜጣ ቢወጣስ? ስሕተቱ የተነገረው እዚህ ነው፣ እዚህ ይታረም አለች። ሰውየው ተስፋ ቆርጠው ወደ ተሸላሚው ዞሩ። «አንተ ምን ትላለህ? ሐሳቡ የማን ነው?»

ወንድሟ ሜዳሊያውን በጣቶቹ መካከል አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አሽከረከረው። አፉን ከፈተ። ዘጋው። ወደ እኅቱ አይቶ ወዲያው ወደ ጫማው አየ። አይደለም ማለት ይችል ነበር፤ ነው ማለትም ይችል ነበር። እናትየው ይህን ሁሉ ጊዜ አንገታቸውን አዙረው ልጃቸውን ይመለከቱ ነበር፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ በቀስ እየተሰበሰበ ሄዶ ከንፈራቸው ብቻ ቀረ። የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ብድግ አሉ።

«ጌታዬ» አሉ ለሰብሳቢው፣ «እሱ ልጄ ነው፤ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። የሱ በሆነ ነገር ዝም ብሎ አያውቅም። ከሳህኑ ላይ አንዲት ቁራሽ ዳቦ ብትነካበት አገር ይያዝልኝ ይላል። አሁን ዝም ካለ የሷ ነው።»

ተቀመጡና ሻርፓቸውን ጉልበታቸው ላይ አራት ቦታ አጠፉት፤ ወንድ ልጃቸውንም ሴት ልጃቸውንም አላዩም። ወንድምየው አንገቱ ላይ ያለውን ሪባን እንደጠበበ አንገትጌ በጣቱ ለቀቅ አደረገው።

ሰብሳቢው ከመድረክ መሪው እጅ ፕሮግራሙን ወሰዱ፣ እርሳሳቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ አንድ መስመር ሰረዙ፣ ከላዩ ጻፉ። ስሟን እንዴት እንደሚጽፉት ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛቸው ተመልሰው፣ ፊታቸውን ወደ ጠረጴዛው ጨርቅ አድርገው፣ እንደሚጸልይ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሐሳቡን ያፈለቀችው እሷ መሆኗን፣ ወንድሟ በስሌት እንዳገዛት በአንድ ትንፋሽ አነበቡና ወረቀቱን ሊያጥፉ ጀመሩ።

እኅት የማይኩን እግር ከወለሉ ላይ አንሥታ፣ አምጥታ፣ ከሰብሳቢው ከንፈር ፊት አቆመችው።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም፣ ዶክተር» አለች። «ከመጀመሪያው ያንብቡት።»